ጥልፉን እወደዋለሁ፤ ትምህርቴን ትቼ ሱቅ ልክፈት?

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ አያያዝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አክስቷ ከአሜሪካ ያመጣችላት የቤት ጥልፍ ማሽን አላት፤ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዘመድ ሠርግ የጠለፈችው ቀሚስ ስለተወደደላት ሰው ሁሉ «ይህንንማ ሥሪበት» እያላት ነው። ትምህርቷን አቋርጣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሱቅ ለመከራየት አስባለች። ሁለት ችግር ግን አላት፤ የሽመና ጨርቅ ላይ ስትጠልፍ ዙሪያው ይጨማደድባታል፣ ክሩም ከስር እየተቋጠረ ማሽኑ ይቆምባታል።

እህቴ፣

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ሱቁንም አሁን አትከራዪ። ይህን የምልሽ ጥልፍ እንጀራ አይሆንም ብዬ አይደለም፤ እንደሚሆን ሽሮ ሜዳን ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አንድን ጥልፍ ወዶ መሥራትና ያንኑ ጥልፍ ለአሥር ደንበኛ እኩል አድርጎ በተባለው ቀን ማስረከብ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የመጀመሪያው አለሽ። ሁለተኛውን ኪራይ ሳይቆጥርብሽ እቤትሽ ሆነሽ ልትለማመጂው ትችያለሽ።

ከማሽንሽ ልጀምር። የቀሚሱ ፊት ለፊት ላይ ከአንገት ወደ ታች የሚወርደው ጥልፍ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንቺ መወጠሪያ እያወጣሽ እያስገባሽ ቢያንስ 6 ጊዜ ትወጥሪዋለሽ። በየመጋጠሚያው 1 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ዓይን ውስጥ ይገባል። መጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ 1 ዲግሪ ብቻ ብትዞሪ መስመሩ ታች ሲደርስ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ትልቅ መወጠሪያና ብዙ መርፌ ባለው ማሽን የኮምፒውተር ጥልፍ ከሚሠሩ ሱቆች ጋር በዚህ ሥራ መወዳደር አትችዪም። ለነጠላ ጫፍ መስቀል፣ ለእጅጌ፣ ለክርስትና ልብስ፣ ለትራስ ልብስና ለጠረጴዛ ልብስ ጥግ ግን ማሽንሽ ይበቃል። በእነዚህ ላይ ተወሰኚ።

ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል፤ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ አቅሙም ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ጨርቁን ከመወጠሪያው አታውጪ፤ ብታወጪው መልሰሽ በዚያው ቦታ ማስገባት አይሆንልሽም። ስትሠሪ የስፌቱን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አልፎ አልፎ እየጻፍሽ ከያዝሽ፣ ማሽኑ የቆመበትን ባያስታውስ እንኳ ወደዚያው ቁጥር ወስደሽ ትቀጥያለሽ።

አሁን ወደ መጨማደዱ። ይህ ለአንቺ ዋናው ጉዳይ ነው፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የሽመና ጨርቅ ነውና። መድኃኒት ከመፈለግሽ በፊት መቼ እንደሚጨማደድ ለይተሽ እወቂ። ጨርቁ ገና መወጠሪያው ውስጥ ሳለ ከተሸበሸበ፣ የላይ ክሩ ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ንድፉ እጅግ የተጠጋጋ ስፌት አለው። ከመወጠሪያው ስታወጪው ከተሸበሸበ፣ ስትወጥሪው ጨርቁን ጎትተሽዋል፤ ሲለቀቅ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ጥልፉ ግን በተጎተተበት ልክ ቀረ። ከታጠበ በኋላ ከተሸበሸበ ደግሞ ጥጡ ተኮማትሯል፣ የፖሊስተር ክሩ አልተኮማተረም። ሦስቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ክር ማጥበቂያውን ሲያዞር ይውላል፣ ችግሩም አይፈታም።

የሽመና ጨርቅ ድርና ማጉ ልል ስለሆነ መርፌው በወጋው ቁጥር ክሮቹ ይሸሻሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ በእንፋሎት ካውያ ተኩሺው፤ የሚኮማተረው ከጥልፉ በፊት ይኮማተር። ከስሩ ማጠንከሪያ፣ ማለትም ጨርቁን ደግፎ የሚይዝ ስስ ንጣፍ፣ ይግባ። በእጅ የሚቀደደው ዓይነት ለልል ጨርቅ አይበቃም፤ መርፌው ራሱ ይበሳሳውና ሥራው መሐል ላይ መያዙን ይተዋል። ከጥልፉ በኋላ ዙሪያው በመቀስ ተቆርጦ የሚቀረውን ውሰጂ፤ መካከለኛ ውፍረት፣ በካሬ ሜትር ወደ 85 ግራም የሚመዝነው ይሆናል። ከመወጠሪያው በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ፣ ከጨርቁ ጋርም አብሮ ይወጠር። ነጠላ ላይ ግን ጀርባውም ስለሚታይ ውሃ የሚያሟሟውን ሁለት ድርብ አድርገሽ ተጠቀሚ።

ስትወጥሪ ብሎኑን ከማጥበቅሽ በፊት ጨርቁን አስተካክዪ፤ ከጠበቀ በኋላ ጠርዙን ይዘሽ አትጎትቺ። ድርና ማጉ ከመወጠሪያው ምልክቶች ጋር ቀጥ ብሎ መሄዱን እዪ፤ ተንጋዶ ከታየሽ አውጥተሽ እንደገና ወጥሪ።

የስፌቱን ጥግግት ተመልከቺ። ብዙ ንድፍ በስፌት መስመሮቹ መሐል 0.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ያ ጥብቅ ለሆነ ጨርቅ ነው። ለሽመና ከ0.45 እስከ 0.5 ድረስ አላልተሽ ሞክሪ፣ ከስሩ የሚገባውን የመሠረት ስፌት ግን አትሰርዢ፤ ጨርቁን ከማጠንከሪያው ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። የክሩን ውጥረት የምታውቂው ከጀርባው ነው፤ የሳቲን ስፌቱን፣ ማለትም ጥቅጥቅ ብሎ ከጎን ወደ ጎን የሚመላለሰውን፣ ስትገለብጪው ከስር የሚገባው የቦቢኑ ነጭ ክር መሐሉ ላይ አንድ ሦስተኛውን ይዞ መታየት አለበት። ነጩ ከጠበበ ወይም ጨርሶ ከጠፋ የላዩ ክር ላልቷል። ከሰፋ፣ ወይም ወደ ፊት ለፊት ከወጣ፣ የላዩ ጠብቋል።

መርፌው ቁጥር 75/11 የጥልፍ መርፌ፣ ጫፉ ሹል የሆነው ይሁን፤ ጫፈ ድቡልቡሉ ለቲሸርትና ለሹራብ ነው። ከ8 ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ ቀይሪው፣ ያልተሰበረ ቢሆንም። ወርቃማውን የብረት ክር ስትጠቀሚ ወደ 90/14 ውጪ፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 400 ስፌት አውርጂ፣ ውጥረቱንም አላዪ። የክር ዓይነትን በተመለከተ፣ ሬዮን ያብረቀርቃል፣ ግን የእኛ ሰው ነጭ ልብስን በበረኪና ያጥባል፤ ሬዮን በረኪና አይችልም። የሚታጠብ ልብስ ላይ ፖሊስተር ይሁን።

ከስር የሚቋጠረው ክር ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ቦቢኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። ክር ስታስገቢ የማሽኑ እግር ወደ ላይ መነሳት አለበት። እግሩ ወርዶ ከሆነ የውጥረት ሰሌዳዎቹ ተዘግተዋል፣ ክሩም መሐላቸው አይገባም፤ ስለዚህ የሚይዘው አጥቶ ከስር ይከማቻል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክር ሳቢ ውስጥ መግባቱንም አረጋግጪ። ስትጀምሪ የክሩን ጫፍ ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ስፌቶች በእጅሽ ያዢ። የቦቢኑን ቤት ብናኝ በብሩሽ ጥረጊ፤ በአፍሽ አትንፊበት፣ እርጥበት ያስገባል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ራስሽን ፈትኚ። አንድ መስቀል ምረጪ፤ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ላይ 10 ጊዜ ጥለፊው። ከዚያ እጠቢያቸውና ጎን ለጎን ዘርግተሽ ለኪያቸው። ስፋታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተለያየና ከአሥሩ ዘጠኙን ለደንበኛ ለመስጠት የማታፍሪባቸው ከሆኑ፣ መሸጥ መጀመር ትችያለሽ። ሰዓቱንም መዝግቢ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 18,000 ስፌት ያለው ንድፍ በደቂቃ 600 ቢሰፋ ማሽኑ 30 ደቂቃ ይልሻል። መወጠሩን 10 ደቂቃ፣ አምስት የክር ቅያሪ 10 ደቂቃ፣ ትርፍ ክር መቁረጥና መተኮሱን 10 ደቂቃ ስትጨምሪበት አንድ ሰዓት ይሞላል። የላይ ክሩ በ1,000 ስፌት በግምት ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሄዳል፤ የ1,000 ሜትር ክር ከዚያ ንድፍ አሥር ያህል ብቻ ያወጣል ማለት ነው።

ዋጋ ስታወጪ የሰዓትሽን ክፍያ፣ ክሩን፣ ማጠንከሪያውን፣ መርፌውን፣ የተበላሸውን ቁራጭና የማሽኑን የእርጅና ተቀናሽ ደምሪ። ይህንን ክፍል ውስጥ እየተማርሽው ነው፤ ትምህርትሽን አትተዪ ያልኩሽ አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። አሥሩ ሙከራ እስኪሳካ ድረስ ደንበኛ ያመጣውን የሽመና ጨርቅ አትቀበዪ። አንድ ቀሚስ ብታበላሺ የምትተኪው አንቺ ነሽ፣ ያውም ሸማኔ ዘንድ ሄደሽ ያንኑ ጥለት አሠርተሽ።

ሙያውን ወደ ፊት ልትገፊበት ብታስቢ የምመክርሽ ንድፍ ወደ ስፌት ፋይል መቀየርን ነው። ማሽን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል። ከንድፉ የትኛው ክፍል መጀመሪያ እንደሚሰፋ፣ ስፌቱ ወደየት እንደሚያዘነብል፣ ክሩ ሲስብ ስንት እንደሚጠብና ያን ለመካስ 0.2 ነው 0.4 ሚሊ ሜትር የሚጨመረው ብሎ የሚወስን ሰው ግን ተፈላጊ ነው። ኢንክስኬፕ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ የሚጫነው ኢንክስቲችም ነጻ ነው፤ ከመስቀል ተነሺ። ፋይል ስትልኪ ዲኤስቲ የተባለውን የፋይል ዓይነት ብዙ ማሽን ያነብበዋል፣ የክር ቀለም ግን አይዝም፤ የቀለሙን ቅደም ተከተል ለብቻው ጻፊላቸው።

የወረቀት ማስረጃ ከፈለግሽ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የልብስ ስፌት ሥልጠና አላቸው፤ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ለቅጥር ይጠቅምሻል። በዲግሪ ደረጃ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም አለ። እንደ ሐዋሳና ቦሌ ለሚ ባሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች መቀጠርን ግን ከምትወጂው ሥራ ጋር አታምታቺው። እዚያ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ ወይም ኮሌታ ብቻ ይሰፋል። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2022 መግቢያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩት ፋብሪካዎች ተቸግረዋል። አንቺ ወደዚያ ብትገቢ በወጪ ሒሳብ ባለሙያነት ብትገቢ ይሻልሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ለራስሽ አስቀሪ፣ የማይሸጥ። የልብስ ሰፊዎችን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስበሽ እየገጣጠምሽ የአልጋ ልብስ ሥሪ፤ ላዩ ቁርጥራጩ፣ መሐሉ ስስ ፋይበር፣ ስሩ አቡጀዲ፣ ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ያለው። የስፌት ትርፉ ሁሌም 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለመፈተን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ስፊና ተኩሺያቸው፤ የመሐሉ በትክክል 2.8 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 2.6 ከሆነ በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር አብልጠሻል፣ ዘጠኝ ቁራጭ ስትገጥሚም እያንዳንዱ ስፌት ከሁለቱም ቁራጮች ስለሚወስድ ስምንቱ ስፌት 1.6 ሴንቲ ሜትር ይበላብሻል። በዚህ የሚቸኩልብሽ ደንበኛ የለም፣ እጅሽ ግን ለጥልፉ የሚጠቅም ልክ ይማራል።

አሥሩን መስቀሎች ስትጨርሺ የፊታቸውንና የጀርባቸውን ፎቶ፣ ከሰዓት መዝገብሽ ጋር ላኪልኝ። ዋጋውን አብረን እናወጣለን።