ቡችላውን ሰው ላይ መዝለል ሳታስተዉ አትመለሱ

ለዕረፍት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መጥታችሁ ለቤተሰብ ግቢ ቡችላ የምትገዙ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ በየሰፈሩ ተመሳሳይ ነገር አያለሁ። ልጅ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ይመጣል፤ አዲስ ለተሠራው ቤት ጠባቂ ይሁን ብሎ ጥሩ ዘር ያለው ቡችላ ይገዛል፤ ወሩን ሙሉ አብሮት ይጫወታል፤ ከዚያ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ ቡችላው ወገብ የሚደርስ ውሻ ይሆናል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የፊት እግሮቹን አንስቶ የገባው ሰው ደረት ላይ ይወጣል። ቤተሰቡ መላ ሲያጣ በሰንሰለት ያስረዋል። ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ምሰሶ ሥር ይጨርሳል።

ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም። መዝለሉን ያስተማረው ያ የፍቅር ወር ነው። ሁለት እግሩን ጉልበታችሁ ላይ ሲያሳርፍ ጎንበስ ብላችሁ አቀፋችሁት፣ "ቡቺ! ቡቺዬ!" አላችሁት፣ ፎቶ አነሳችሁት። ውሻ ያደረገው ነገር የሚፈልገውን ካስገኘለት ይደግመዋል። በአንድ እጅ የምታነሱት ሳለ ያስደሰታችሁ ነገር ሠላሳ ኪሎ ሲመዝን ለምን እንደሚያስቆጣችሁ ሊገባው አይችልም።

ውጭ አገር ውሻ የለመደ ጎረቤት ሱሪውን አራግፎ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ በር ላይ የሚቆመው ግን ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ አጎት፣ ወይም ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ሊሆን ይችላል። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር እንዲታጠብ በሐዲስ መነገሩን የሚያውቅ ሙስሊም ጎረቤት፣ ውሻ ልብሱን ከላሰበት ሳይቀይር ለሶላት መቆም ይከብደዋል። ክረምት ላይ ደግሞ የደሴ ጭቃ አለ፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ሲወርድ የሚውልበት ግቢ ውስጥ የውሻ ሁለት መዳፍ የዓመት በዓል ልብስ ያበላሻል። ከሁሉ በላይ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ያደገ ሰው ውሻ ሲዘልበት "መጫወት ፈልጎ ነው" ቢባል አይጽናናም፤ ሊጽናናም አይገባም።

በአንድ ጎረቤት ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ትኩስ ጀበና በአንድ እጇ፣ ፍም ያለበትን ማጨሻ በሌላው ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። ውሻው ከማሰሪያው አምልጦ ነበር። ሮጦ መጥቶ ሁለት እግሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ጀበናው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ፣ ቡናው እግሯ ሥር ፈሰሰ፣ ፍሙ ግቢው ላይ ተበተነ። ለጥቂት ነው ሳትቃጠል የቀረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና የሚጠሩት እትዬዎች ከበር ውጭ ቆመው "ውሻውን አስራችሁታል?" ሳይሉ አይገቡም፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ መምጣቱን ተዉት። ወሎ ውስጥ የቡና ጎረቤት የራቃት እናት ምን እንደቀረባት ታውቃላችሁ።

ወደ ውሻው እንመለስ። ቡችላ ትልልቆቹን ውሾች ሰላም የሚለው አፋቸውን በመላስ ነው። የሰው ፊት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ እዚያ ለመድረስ ይዘላል። እናንተ ስትገፉት ነካችሁት፤ ስትጮሁበት አናገራችሁት፤ አፍጥጣችሁ ስታዩት ትኩረት ሰጣችሁት። ሰው ሲጠብቅ ለዋለ ውሻ ሦስቱም ሽልማት ናቸው። ደረቱን በጉልበት ምቱት፣ የኋላ እግሩን እርገጡት የሚሉ የቆዩ ምክሮች ትሰሙ ይሆናል፤ እባካችሁ አታድርጉት። የተመታ ውሻ ወይ ጨዋታው የጋለ ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ ሰው ሲገባ ሕመም እንደሚከተል ይማራል። ሰው መምጣቱን የፈራ ውሻ ደግሞ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል።

የሚሠራው ዘዴ ትኩረታችሁን በአራት እግሩ ሲቆም ብቻ መስጠት ነው። ስትገቡ ቢዘልባችሁ ምንም አትናገሩ፤ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ጀርባችሁን ስጡት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው ዞር በሉና በለሆሳስ "ጎበዝ" ብላችሁ ጉርሻውን መሬት ላይ፣ እግሩ አጠገብ አስቀምጡለት። መሬት ላይ የምላችሁ በምክንያት ነው፤ እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ለመቀበል እንደገና ይዘላል። ከዘለለ ድጋሚ ጀርባ። ድምፃችሁም ዝቅ ይበል፤ በደስታ እየጮኻችሁ ያመሰገናችሁት ውሻ ተመልሶ ይፈነጥዛል።

ለጉርሻ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝታችሁ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉት፣ ሽምብራ በሚያህል መጠን ቆራርጡት። በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚበላ ውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሆድ ትል ሊይዘው ይችላል። ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡት፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳሉ። ይዛችሁ የመጣችሁት ቸኮሌትም ለእሱ መርዝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሊብስ እንደሚችል ከወዲሁ እወቁ። አንዴ ዘሎ ያገኝ የነበረውን ሲያጣ አራቴ አምስቴ ይዘላል፣ ይጮሃል፣ ልብስ ይጎትታል። ብዙ ሰው "አልሆነም" ብሎ የሚተወው ልክ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ተሸንፋችሁ ካቀፋችሁት አጥብቆ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው። ከጸናችሁ ግን መዝለሉ እየላላ ይሄዳል።

ጎን ለጎን "ቁጭ" አስተምሩት። ጉርሻውን አፍንጫው ጫፍ ላይ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱት፤ በአፍንጫው ሲከተል ቂጡ መሬት ይነካል፤ ያኔ ስጡት። ውሻ ተቀምጦ ሊዘል ስለማይችል ቀሪው ሥራ ይቀላል። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ቁጭ፣ የግቢው በር ከመከፈቱ በፊት ቁጭ፣ ከመዳበሱ በፊት ቁጭ ይበል። ቃሉን በአማርኛ አስለምዱት፤ እናንተ ስትሄዱ የሚያዙት እናታችሁና ጥበቃው ናቸው። አንዴ ረጅም ሰዓት ከማድከም በቀን ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሞ ማለማመድ ይሻላል።

ለእንግዳ በገመድ ታለማምዱታላችሁ። አንዱ ገመዱን ይያዝ፣ ሌላው ከውጭ ይግባ። ውሻው ከተነሳ እንግዳው ወደ ኋላ ይመለስ፤ ቁጭ ሲል ይቅረብ። ለዚህ ውሻ የማይፈራ የሰፈር ወጣት ጠይቁ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መለማመጃ እንዳይሆኑ። ልምምዱ እስኪጸና ድረስ እውነተኛ እንግዳ ሲመጣ ውሻው ጓሮ ይግባ፤ በተሳካለት ቁጥር ልማዱ ይጠነክራልና ዕድሉን አትስጡት።

ከውሻው ይልቅ የሚከብደው ቤተሰቡን ማስማማት ነው። አንዱ ጀርባውን ሲሰጠው ሌላው የሚያቅፈው ከሆነ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ አልፎ አልፎ የሚገኝ ሽልማት ልማዱን ይበልጥ ሥር ያሰድዳል። ሁሉም ለቡና ሲሰበሰቡ በግልጽ ተነጋገሩ። ሕፃናቱ ሲሮጡና ሲጮሁ ውሻው ይብስበታል፤ ሲዘልባቸው እጃቸውን አጣምረው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አሳዩአቸው። ያም ሆኖ ትልቅ ሰው በሌለበት ትንንሽ ልጆችን ከውሻ ጋር ብቻቸውን አትተዉ።

ጥበቃው የራሱ ስጋት አለው። "ሰው ከለመደ ሌባ አይዝም" ይላችኋል። ይህን ስጋት ሰምታችሁ መልሱለት፤ እሱ ካላመነበት እናንተ አውሮፕላን ላይ ስትወጡ ሁሉም ይፈርሳል። መጮህ ሌላ፣ መዝለል ሌላ ነው። በር ሲንኳኳ የጮኸ ውሻ ሥራውን ሠርቷል፤ ባለቤቱ ከፍቶ ያስገባው እንግዳ ላይ መውጣት ከጥበቃ አይቆጠርም። እንዲያውም ለመጣው ሁሉ በደስታ የሚዘል ውሻ ሌባውንም የሚቀበለው በዚያው ነው።

ሰንሰለቱን በተመለከተ አቋሜ የጸና ነው፤ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጉልበቱ ተጠራቅሞ፣ የሰው ናፍቆቱ በርትቶ፣ ሲፈታ ያገኘው ሰው ላይ ይወጣል። ጠዋትና ማታ በገመድ የሚያራምደው ሰው ፈልጉለት። ደሴ ላይ ዳገቱ ብቻውን ያደክመዋል፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ ግን ሙቀት ስላለ በማለዳ ይሁን።

የመሄጃችሁ ቀን ሲቃረብ ልምምዱን ለሚቀልበው ሰው አስረክቡና እናንተ ዳር ቁሙ። ተጨማሪ ሥራ ነውና ክፍያውንም አስቡበት። በኢሞ ስትደውሉ "ውሻው ደህና ነው?" ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ በር ሲንኳኳ ምን እንደሚያደርግ ስልኩን አዙረው ያሳዩአችሁ። ስትመለሱ ደግሞ ትልቁ ፈተና የእናንተ ነው። ዓመት ሙሉ ናፍቃችሁት በሩ ላይ ሲያያችሁ ይዘላል፤ ልባችሁ እቀፉት እቀፉት ይላችኋል። ሻንጣውን አስቀምጡ፣ ጀርባ ስጡት፣ ቁጭ ሲል ያኔ የፈለጋችሁትን ያህል አሻሹት።

እዚያው ውጭ ውሻ ኖሯችሁ ወላጆቻችሁን ከደሴ የምታስመጡም እንዲሁ፣ ቪዛው ሲጠየቅ ጀምራችሁ ውሻውን አዘጋጁት። እናታችሁ ከረጅም በረራ በኋላ ደጃፋችሁን ሲረግጡ መጀመሪያ የሚያገኛቸው የውሻ መዳፍ መሆን የለበትም። በገመድ ይያዝ፣ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የሚሰግዱበትና የሚተኙበት ክፍል ፈጽሞ እንዳይገባ አድርጉ።

ክትባቱን ከሁሉ አስቀድሙት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመርና የእንስሳት ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይደገማል። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት፤ የት እንደሚከተብ ከዚያ ጠይቁ። ካርዱን ሻንጣችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቤት ይቅር። ውሻው ዘሎ ሰው ቢቧጭር ጥርስ አልነካውም ተብሎ አይታለፍ። ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም፤ ይህን ለእናታችሁም ለጥበቃውም ሳትነግሩ እንዳትሄዱ።