ሻንጣችሁን ፍቱት

ውድ ልጆቼ፣

ባህር ማዶ ኢንተርናሽናል ስኩል ውስጥ ለማስተማር የምትዘጋጁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁልኛል። ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ደመወዝ ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ስለ አንድ ሻንጣ ላውራችሁ።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ገባሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት ደጀንና ባህር ዳር 14 ዓመት አስተምሬአለሁ። በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ ሻንጣዬን አልጋ ሥር አስገባሁት። ልብሴን ከዚያ አወጣለሁ፣ ታጥቦ ሲደርቅ እዚያው እመልሳለሁ። ቁም ሳጥኑ ባዶውን ቆመ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ ለምመለስ ምን አስዘረጋኝ» እል ነበር። እንደዚያ እያልኩ አራት ዓመት ኖርኩ። በጠቅላላው 12 ዓመት ቆየሁ።

ቀኑ እንዲህ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ውስጥ ናችሁ። በእረፍት ሰዓት ልጆች መጠበቅ አለ፤ «ዲዩቲ» ይሉታል። የቀረ መምህር ክፍል መያዝ አለ፤ «ከቨር» ይሉታል። ክፍለ ጊዜዬ ነፃ ነው ብላችሁ ሻይ ስትቀዱ ይመጣባችኋል። ትምህርት ሲከፈት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ልጆቹ ሜዳ አይወጡም። በረመዳን ሰዓቱ ያጥራል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

እኔ የሄድኩት ከ60 በላይ ተማሪ ካለበት ክፍል ነው። እዚያ 24 ነበሩ። የአገሩ ልጆች፣ ግብፆች፣ ዮርዳኖሶች፣ ሱዳኖች፣ ህንዶች። በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳውን ሞልቼ ጽፌ ዞር ስል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ሰር፣ እኔ በሌላ መንገድ ነው የሠራሁት» አለች። ድፍረት መሰለኝ። ደብተሯን አየሁት። መንገዷ ከእኔ ያጠረ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሰጥቼ መጀመሪያ እነሱ እንዲሞክሩ አደርጋለሁ፤ እኔ በወንበሮቹ መካከል እዞራለሁ። አገር ቤት ተመልሼም አልተውኩትም።

አሁን ደመወዝ። የመጀመሪያ ውሌን ስፈርም የታየኝ ጠቅላላው ብቻ ነበር፤ 8,000 ድርሃም። ከዚያ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ 3,500 መሆኑን፣ የቀረው የቤትና የትራንስፖርት አበል መሆኑን ልብ አላልኩም። ያስረዳኝም አልነበረም። በኤምሬትስ ህግ ሥራ ስትለቁ የሚሰጣችሁ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው ግን በመሠረታዊው ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን። አስሉት። በ3,500 አምስት ዓመት ብትሠሩ 12,250 ድርሃም ነው። መሠረታዊው 6,000 ቢሆን 21,000 ይሆን ነበር። ጠቅላላ ደመወዙ አንድ ዓይነት፣ ሥራው አንድ ዓይነት። የሒሳብ መምህር ሆኜ ይህን ሳላሰላ ፈረምኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «መሠረታዊው ስንት ነው?» በሉ። ዲግሪያችሁን አገር ቤት ሳላችሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በምትሄዱበት አገር ኤምባሲ አረጋግጡ፤ ከሄዳችሁ በኋላ ሰው መላክ መከራ ነው። ፓስፖርታችሁንም አሠሪ እንዲይዘው አትፍቀዱ። በአገሩ ህግም ክልክል ነው።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። በእነዚያ አራት ዓመታት የማውቀው ከክፍሌ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ ነበር። የተረፈኝን ሁሉ ባህር ዳር ለሚሠራው ቤት እልካለሁ። በእረፍት ሳምንት ባልደረቦቼ አንዱ ስሪላንካ፣ አንዷ ኔፓል ይሄዳሉ። እኔ ተኝቼ እውላለሁ። እናቴ ከጎጃም ወጥታ አታውቅም። ስልክ ስደውል «እና አገሩ ምን ይመስላል?» ትለኛለች። «ይሞቃል እማዬ።» «ሌላስ?» ሌላ የለኝም። አራት ዓመት ሙሉ ለእናቴ የምነግራት አንድ ነገር አልነበረኝም። ቤቱ ጣሪያው ሲመታ እንኳ እንደዚያ ጥያቄዋ ልቤ ውስጥ የገባ ነገር የለም።

የህንዷ ኬረላ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስ መምህር ነበር። አንድ ዓርብ «ተነስ» ብሎ ጀበል ሐፊት ወሰደኝ። ከተማው ራስጌ ያለ ተራራ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ። የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያህላል። ግን ለእኔ ለደገኛው ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። ሹራብ አልያዝኩም፤ ደስ ብሎኝ ተንቀጠቀጥኩ። ማታ ገብቼ ሻንጣዬን ፈታሁት። ልብሴን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ።

ከዚያ ዖማን፣ ኒዝዋ ሄድን። ዓርብ ጠዋት የፍየል ገበያ አለ። ሻጮቹ በገዢው መካከል ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ፣ ዋጋ እየጠሩ ይዞራሉ። ሱቁ ሁሉ ዕጣን ይጨሳል። ዕጣኑን ሳሸት ደጀን ያለሁ መሰለኝ። ለእናቴ ደውዬ አንድ ሰዓት አወራን። «ፍየሉ በስንት ይሄዳል?» አለችኝ። ወደ ብር መንዝሬ ነገርኳት።

የእኛ ፓስፖርት እንደ አየርላንዳዊቷ ባልደረባዬ አይደለም። እሷ ዛሬ ትኬት ቆርጣ ነገ ትበራለች። እናንተ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ከባንክ የሂሳብ መግለጫ አዘጋጁ። በእኔ ጊዜ የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው ጆርጂያ ያለ ቪዛ ታስገባ ነበር። ህግ ስለሚቀያየር አጣሩ። ምጽኸታ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ያለውን ካቴድራል አየሁ። ጆርጂያ ክርስትናን የተቀበለችው እንደ አክሱም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የራሷ ፊደል አላት። በሩ ላይ ሻሽ ያሰሩ እናቶች ጧፍ ይዘው ቆመዋል። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ግን ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።

በዓል ይከብዳችኋል፤ አልደብቃችሁም። እ.ኤ.አ. እስከ 2021 መጨረሻ እሑድ የሥራ ቀን ነበር። ለትንሣኤ ቅዳሴ አድሬ ጠዋት ክፍል እገባ ነበር። የሳምንቱ እረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ከተዛወረ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋለ። በረመዳን ውስጥ ነበር። እኛ ስንፈታ ጎረቤቶቼ ይጾሙ ነበር። ዶሮ ወጡን ማታ፣ አፍጥር ሲደርስ፣ ከእነሱ ጋር በላሁ።

ልጆቹም ባልደረቦቹም ይሄዳሉ። ወላጅ ሥራ ሲቀይር ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ከክፍል ይጠፋል። ቢሆንም ውደዷቸው። «ነገ ለሚሄድ» ብሎ ልቡን የዘጋ መምህር አይቻለሁ፤ ትምህርቱም ደረቀ።

አል ዓይን ከደረሳችሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከከተማው መሃል ያለውን የተምር ደን እዩ። በሙቀቱ ጊዜ ከሆነ ማምሻውን ሂዱ። መግቢያው ነፃ ነው። ከ147,000 በላይ የተምር ዛፍ አለው፤ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ውኃው የሚመጣው ፈለጅ በሚሉት ቦይ ነው። ስሙን ስሰማ የግዕዙ «ፈለግ» ትዝ አለኝ። ውኃው ለየአትክልቱ በተራ፣ በሰዓት ተለክቶ ይደርሳል፤ እኛ ዘንድ የውኃ አባት እንደሚያከፋፍለው። ቦዩ ዳር ተቀመጡ። ከዚያ እዚያው ሆናችሁ ለእናታችሁ ደውሉ። አገር ቤት ከዚያ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ገና አልተኛችም።