ያጠናሁት ጠዋት የለም፤ የእናቴ በሽታ ጀምሮኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። ሌሊት ያጠናሁት ጠዋት ብን ብሎ ይጠፋል። እናቴ በመርሳት በሽታ ተሠቃይታ ነው ያረፈችው። እኔንም ጀምሮኝ ይሆን? የክፍል ጓደኞቼ “ጫት ለጥናት ጥሩ ነው” ብለውኝ መቃም ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። የቢ ቫይታሚን መርፌም ከፋርማሲ ገዝቼ ተወግቻለሁ። አንዳንዴ ልቤ ድው ድው ይልብኛል። ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀረው።

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትዎ በሽታ የጀመረዎት አይመስለኝም። በ41 ዓመት የሚጀምረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በሽታው የያዘው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መርሳቱን ራሱ አያስተውልም፤ የሚጨነቁት ቤተሰቦቹ ናቸው። እርስዎ ግን ራስዎ አስተውለው ጻፉልኝ።

አእምሮዎ ለመማርም አላረጀም። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃላቸው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት አንጎላቸው በኤምአርአይ የምስል መሣሪያ ሲታይ፣ ለትውስታ ዋና የሆነው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከኋላ በኩል ከሌላው ሰው ገዝፎ ተገኘባቸው። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው!

አዲስ ነገር ሲያጠኑ የነርቭ ሴሎች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ይጠነክራሉ። ግን ገና ጥሬ ነው። ጤፉን በጥብጠው ወዲያው ምጣድ ላይ ቢያፈሱት እንጀራ ይወጣዋል? ማደር አለበት። የትምህርቱም ማደሪያ እንቅልፍ ነው። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ የቀኑን ትምህርት መልሶ መላልሶ እያነሳ ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል ያሻግረዋል።

እርስዎ ይህችን እንቅልፍ ነው በጫት የቆረጧት። “ጫት ለጥናት” የሚለውን ከተማሪነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ እስካሁን አልሞት አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል የደስታና የመነቃቃት ኬሚካል ያስለቅቃል። ምርቃናው ሲመጣ ገጹ ሁሉ የገባዎት ይመስልዎታል። ይህ መንቃት ነው እንጂ መያዝ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደብተሩን ሲዘጉ ዓይንዎ ፈጦ ያድራል። በማግስቱ ድብርትና ሐራራ፣ ከዚያ ለመንቃት እንደገና ጫት። አንዳንዱ ለመተኛት ጨብሲ ይጨምርበታል፤ አልኮሉ ደግሞ የቀረችውን እንቅልፍ ያበላሻታል። ለረጅም ጊዜ በቃሙ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶችም ትውስታቸው ከማይቅሙት ደክሞ ታይቷል። ጓደኞችዎ ይህን አልነገሩዎትም።

ልብዎ ድው ድው እያለብዎት እስካሁን ምን ጠበቁ? ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ይጨምራል። መርፌውስ? ቫይታሚን ቢ የሚጠቅመው እጥረት ላለበት ሰው ነው። ማን መረመረዎት? እባክዎ ሁለተኛ እንዳይወጉ።

ጫቱን ዛሬ ያቁሙ። ጥቂት ቀን ይከብድዎታል፣ ይደብርዎታል፤ ያልፋል፣ አይፍሩ። ማታ አራት ሰዓት ላይ መጽሐፉን ዘግተው ይተኙ። ጠዋት መጽሐፉን ሳይከፍቱ የትናንቱን በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የጎደለውን ብቻ መልሰው ያንብቡ። ደግመው ደጋግመው ከማንበብ ይሻላል። ሦስት ሳምንት ለዚህ ይበቃል። በደንብ ተኝተው አንድ ወር ቆይቶም ካልተሻለዎት፣ ደም ማነስና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እንመረምራለን።

ነገ ግን ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ያስለኩ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ነገን አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መቃምዎንም ለሐኪሙ አይደብቁት።