የሕግ ምክር፦ ከሟች ቤት በ400 ዶላር የተገዙ የኮሚክ ገጾች

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሰፈሬ የነበሩ አንድ አዛውንት ሞተው ዕቃቸው በቤታቸው ሲሸጥ፣ በአንድ የካርቶን አቃፊ ውስጥ ያገኘኋቸውን ሰባት በእጅ የተሣሉ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ገጾች በ400 ዶላር ገዛሁ። ሥዕል ለሚወድ ልጄ ብዬ ነው የገዛኋቸው። ባለፈው ወር ልጄ አንዱን ገጽ የኮሚክ ትርዒት ላይ ይዞት ሄደ። አንድ ነጋዴ ለዚያ ገጽ ብቻ 30,000 ዶላር እከፍላለሁ አለው። አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው ግን «የ1960ዎቹ ገጽ ከሆነማ ከአሳታሚው መጋዘን የተሰረቀ ነው፤ ትጠየቁበታላችሁ» ብሎ አስደነገጠን። ልሽጠው ወይስ ልተወው? ትክክለኛ ዋጋውንስ እንዴት አውቃለሁ? ግብሩ ምን ያህል ነው? ልጄ ደግሞ ሥዕሉን ቲሸርት ላይ አትሞ ሊሸጥ አስቧል።

መልስ፦ ቀላሉን ላስቀድም፤ ቲሸርቱ ይቅር። በእጅዎ ያለው ወረቀቱ ነው እንጂ ሥዕሉን የማባዛት መብት አብሮት አልመጣም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 202 የግዙፉ ዕቃ ባለቤትነትና የቅጂ መብት ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ይደነግጋል። ካሴት የገዛ ሰው ዘፈኑን አባዝቶ መቸርቸር እንደማይፈቀድለት ማለት ነው (ስንቱ ቸረቸረ፤ ያ ሌላ ወግ ነው)። በዚያ ዘመን የታተመ ሥራ ጥበቃው እስከ 95 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል፤ ታዋቂው ገጸ ባሕርይ ደግሞ በንግድ ምልክትነትም ይጠበቃል። ፍርድ ቤት ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ እስከ 150,000 ዶላር ካሣ ሊወስን ይችላል። ገጹን በመስታወት ክፈፍ አድርጎ መስቀል ግን ይቻላል፤ ነገ ቡና ቤት ቢከፍቱ እዚያ ግድግዳ ላይ ቢያንጠለጥሉትም ሕጉ አይከለክልዎትም።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎ ጉዳይ ልምጣ። የሰውየው ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አሳታሚዎች ለሠዓሊው በገጽ ቆጥረው ይከፍሉና ወረቀቱን ያስቀሩት ነበር። ማንም እንደ ጥበብ ሥራ አይቆጥረውም ነበር፤ ከታተመ በኋላ ገሚሱ መጋዘን ይገባል፣ ገሚሱ ይጣላል፣ ገሚሱ ለእንግዳ ይሰጣል፣ የተሰረቀውም ብዙ ነው። ገጾችን ለሠዓሊዎች መመለስ የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። በዚህ ረገድ የታወቀው ጠብ የሠዓሊው የጃክ ከርቢና የአሳታሚው የማርቭል ነው። ማርቭል በ1980ዎቹ አጋማሽ ለሌሎች ሠዓሊዎች አጭር ሰነድ ሲያስፈርም፣ ከርቢን ግን ባለ አራት ገጽ ሰነድ እንዲፈርም ጠየቀው፤ ሊመልስለት ያቀረበው ዝርዝርም 88 ገጽ ብቻ ነበር። ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ በኋላ፣ በ1987 ሁለት ሺህ ገደማ ገጾች ተመለሱለት። ከርቢ ለማርቭል ከሣላቸው ከአሥር ሺህ በላይ ገጾች ውስጥ ማለት ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ ዛሬ በትልልቅ ጨረታ ቤቶች በይፋ ይሸጣሉ። በ2008 ደግሞ ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት እትም 24 የሠዓሊው የስቲቭ ዲትኮ ገጾች ስሙ እንዲገለጽ ባልፈለገ ሰው ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተበርክተዋል። ስሙን ለምን እንደደበቀ አልፈርድም፤ ጠበቃ ሆኜ ግን ሳላስበው አልቀረሁም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሌባ ባለቤትነት ማስተላለፍ አይችልም፤ ዕቃው በአሥር ቅን ሰዎች እጅ ቢያልፍም አሥረኛው ገዢ ባለቤት አይሆንም። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1161 በቅን ልቦና ለገዛ ሰው የሚሰጠውን ዓይነት ከለላ እዚህ አይጠብቁ (እርሱም ቢሆን ዕቃው የተሰረቀ ሲሆን ገደብ አለው)። በአንጻሩ ገጹ በስጦታ ከተሰጠ ወይም አሳታሚው ራሱ ከጣለው ስርቆት የለም። ደግሞም «የእኔ ነበር፣ ተሰርቋል» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ይህን በማስረጃ ማሳየት ዳገት ነው። ይርጋውም (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) እንደ ቦታው ይለያያል፦ በሜሪላንድ በመሠረቱ ሦስት ዓመት ሆኖ፣ የሚቆጠረው ጠያቂው ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ ባለቤቱ «መልስልኝ» ብሎ ያዡ እምቢ ካለበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ገጹን ለሽያጭ ወደ ኒው ዮርክ መላክ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አሳታሚው አይደለም፤ የእርስዎ ገዢ ነው። የአሜሪካ ወጥ የንግድ ሕግ (UCC) አንቀጽ 2-312 እንደሚለው፣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በውሉ ላይ ባይጻፍም እንኳ «ባለቤትነቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ዋስትና እንደሰጠ ይቆጠራል። የውርስ አጣሪ የሚያካሂደው ሽያጭ ግን ከዚህ ልማድ ሊወጣ ይችላል፤ ገዢው የሟች ዕቃ መሆኑን እያወቀ ነውና የገዛው። ዋስትና ነበረ ቢባልም የክስ ጊዜው ከርክክቡ ጀምሮ አራት ዓመት ስለሆነ በእርስዎ በኩል አልፏል። ዋስትና ሳይኖርዎት የገዙትን ዕቃ ዋስትና ሰጥተው ሊሸጡት ነው ማለት ነው። ዛሬ 30,000 ተቀብለው ከሦስት ዓመት በኋላ ገዢው በክርክር ገጹን ቢነጠቅ፣ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። በውሉ ላይ «ያለኝን መብት ብቻ አስተላልፋለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህን ያነበበ ገዢ ግን ዋጋውን ወዲያው ያወርዳል።

መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ሮክቪል በሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የኑዛዜ መዝገብ ቤት የሟቹ የውርስ መዝገብ ካለ ጠይቀው ያንብቡት፤ የውርስ አጣሪው ማን እንደሆነና ምን እንዳስመዘገበ ይገኛል። ከዚያ ልጆቻቸውን በጨዋ ደንብ ያነጋግሩ። አዛውንቱ ማተሚያ ቤት ሠርተው ነበር? ከሠዓሊ ጋር ይተዋወቁ ነበር? ገጾቹን መቼ አመጧቸው? መልሱን በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቢፈርሙልዎ፣ ያቺ አንዲት ገጽ ከአንድ ሙሉ የሕግ አስተያየት ትበልጣለች። በ2014 የዎልቨሪን ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የኸርብ ትሪምፕ ገጽ በ657,250 ዶላር ሲሸጥ፣ ታሪኩ አጭርና ንጹሕ ነበር፦ ሠዓሊው ራሱ በ1983 ለአንድ ወጣት ሰጥቶታል፣ ወጣቱም አስቀምጦታል። የእርስዎ አዛውንትም እንዲህ ያለ ታሪክ ኖሯቸው ሊሆን ይችላል።

ስለ ዋጋው፦ ሊገዛ የመጣ ሰው ገማች አይሆንም። ነጋዴው ቆሞ 30,000 ካለ፣ ከዚያ በላይ አትርፎ ሊሸጠው አስቧል ማለት ነው። በመጀመሪያ ገጹን በመስፈሪያ ይለኩት። ከ1967 ገደማ በፊት ሠዓሊዎች በትልቅ ወረቀት ላይ ይሥሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 28 በ43 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ጀርባውን ሲገለብጡት የኮሚክስ ኮድ (አሳታሚዎች የኮሚክን ይዘት ለመቆጣጠር ያቋቋሙት አካል) ማኅተም ቢያገኙ መልካም ምልክት ነው። እውነተኛው ገጽ ቆሻሻ ነው፦ ያልጠፋ የእርሳስ መስመር፣ በነጭ ቀለም የተሸፈነ ስሕተት፣ በኅዳጉ ላይ የተጫጫረ ማስታወሻ፣ የተለጠፈ ጽሑፍ። በጣም የጸዳ ገጽ ካዩ ከሥሩ በሚበራ የብርሃን ጠረጴዛ ላይ ከሌላ ገጽ የተገለበጠ እንዳይሆን ይጠርጥሩ።

ዋጋውን የሚወስነው ከሁሉ በፊት የሠዓሊው ስም ነው፤ ቀጥሎ ሽፋን መሆኑ ወይም የውስጥ ገጽ መሆኑ፣ ጀግናው በልብሱ መታየቱና ታሪኩ ውስጥ ምን እንደሆነ። በጥር 2022 ሄሪቴጅ ጨረታ ቤት የሸጠው የማይክ ዜክ የ1984 ገጽ ተራ የውስጥ ገጽ ነበር፤ ስፓይደርማን ጥቁር ልብስ የለበሰበት ቅጽበት ስለሆነ ብቻ 3.36 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ይህን ሰምተው እንዳይሰክሩ አደራ፤ አብዛኛው ገጽ የሚሸጠው በመቶዎችና በሺዎች ነው። የጨረታ ዋጋ ሲያነቡም ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያ እንደተካተተበት ያስታውሱ። በ2021 ፓሪስ ላይ የተሸጠው፣ የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ ለቲንቲን መጽሐፍ ሽፋን ያዘጋጀው ሥዕል የጨረታው መዶሻ የተመታለት በ2.6 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን፣ በጋዜጣ የወጣው ግን ክፍያው የተጨመረበት 3.2 ሚሊዮን ነበር። ሻጩ የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው፤ ከእርሱም የሻጭ ኮሚሽን ይቀነሳል። ኮሚሽኑን ተከራክሮ ማስቀነስ ይቻላል፤ መርካቶ የተገበያየ ሰው እዚህ ምን ያፍራል!

ግብሩ፦ ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ የስብስብ ዕቃ ትርፍ ላይ የፌዴራሉ ጣሪያ 28 በመቶ ነው። ለስሌት ያህል ለሰባቱ የከፈሉትን 400 ዶላር በሙሉ ለዚህ ገጽ ብናስብለት፣ ትርፉ 29,600፣ ግብሩም በዚህ ጣሪያ 8,288 ዶላር ይሆናል፤ የመደበኛ ገቢዎ ግብር ዝቅተኛ ከሆነ ያነሰ ይከፍላሉ። የሜሪላንድና የካውንቲው ድርሻ ለብቻው ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጥያቄዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፏት «ለልጄ ብዬ ነው የገዛኋቸው» የምትለዋ ናት። ገዝተው ለልጅዎ ሰጥተውታል ወይስ ለእርሱ አስበው እርስዎ አስቀምጠውታል? ያን ጊዜ በእጁ አስረክበውት ከሆነ ስጦታው ተፈጽሟል፤ የገጾቹ ባለቤት ልጅዎ ነው፣ 400 ዶላሩም እንደ መነሻ ዋጋ (ትርፉ የሚሰላበት የግዢ ዋጋ) ወደ እርሱ ተላልፏል፣ ግብሩም በእርሱ ስም ይታሰባል፣ እርስዎም ሊሸጡት አይችሉም። ካልሰጡት ደግሞ አሁን ለመስጠት አይቸኩሉ፤ በሕይወት እያሉ ከሰጡት ያው የ400 ዶላር መነሻ አብሮት ይሄዳል፣ በውርስ ከደረሰው ግን መነሻው እርስዎ ባረፉበት ቀን ያለው የገበያ ዋጋ ነው። ለነጋዴው መልስ ከመስጠትዎ በፊት ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ይህን ይለዩና የደረሱበትን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ የሻጩን ስም ባዶ ትቼ ውል አላረቅም።