ስታር ትሬክን ከድራማው ወይስ ከፊልሙ እንጀምር?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ማታ መንገዱን ጨርሼ ቤት ስገባ ከልጆቼ ጋር የምቀመጥበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ትልቁ ልጄ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርኩትን የስታር ትሬክ ፊልሞች ወዷቸዋል፤ ተከታታይ ድራማውን ግን «ወሬ ይበዛበታል» ብሎ ትቶታል። ለመሆኑ የትኛው ይሻላል? ከየትኛውስ ብንጀምር ይበጀናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ያስተዋለው እውነት ነው፤ በድራማው ንግግር ይበዛል። እኔ ግን ድራማውን ይበልጥ የምወደው በዚያው ንግግር ምክንያት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በታየ አንድ የ«ኔክስት ጄኔሬሽን» (ከመጀመሪያው በኋላ የመጣው የስታር ትሬክ ድራማ) ክፍል፣ ሰው መሰሉ ሮቦት ዳታ ንብረት ነው ወይስ በራሱ ላይ የመወሰን መብት ያለው ፍጡር የሚለው ጉዳይ ለፍርድ ይቀርባል። ንብረት ነው ብሎ እንዲከራከር የታዘዘው የገዛ ባልደረባው ራይከር ሲሆን፣ እምቢ ቢል ዳታ ያለ ክርክር እንደሚፈረድበት ስለተነገረው ሳይወድ ይቀበላል። ራይከር የዳታን እጅ ነቅሎ ለዳኛዋ ያሳያል፤ ቀጥሎም ጀርባው ላይ ያለውን ማጥፊያ ሲነካው ዳታ ክሩ እንደተበጠሰ አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ተኩስ የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ የራይከርን ፊት ያየ ሰው ግን ቶሎ አይረሳውም።

ፊልም እንዲህ ላለ ጉዳይ ፋታ የለውም። ድራማውን አይቶ የማያውቀውን ተመልካች ጭምር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይዞ መጨረስ ስላለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምድርን ሊያጠፋ የተነሣ ጠላት ያመጣል። በገንዘብ ረገድ በእርግጥ ድራማው አይወዳደረውም። ጂን ሮደንበሪ በ1966 የጀመረውና በ3 ዓመት 79 ክፍሎች የታዩለት የመጀመሪያው ድራማ፣ የጠፈር መርከቧን በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ማሳረፉ ወጪው ስለሚከብድ ሰዎቹን በብርሃን ሰውሮ ሌላ ቦታ የሚያወጣውን ማጓጓዣ ፈጠረ። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ ገንዘብ ስላልቸገረው መርከቧን ለደቂቃዎች እየዞረ ያሳየናል። ውብ ናት፤ የምናውቃቸው ሰዎች ግን በእሷ ጥላ ሥር ደብዝዘዋል።

ከፊልሞቹ ሁሉ የማስበልጠው የ1982ቱን ነው፤ ጉልበቱም ከድራማው የመጣ ነው። የመጀመሪያው ድራማ መሪ ካፒቴን ከርክ በ1967 በታየ ክፍል ካን የተባለውን ባለጋራውን ከተከታዮቹ ጋር ወደ አንድ ፕላኔት በግዞት ልኮት ነበር። ድራማው በአንድ ምሽት የዘጋውን ያንን ዶሴ ፊልሙ ከ15 ዓመት በኋላ ይከፍተዋል፤ ከርክም አርጅቶ፣ ያጋዘውን ሰው ዞሮ አለማየቱ ምን እንዳስከተለ ይጋፈጣል።

ስለዚህ በሥራ ቀን ማታ የ1967ቱን ክፍል አይታችሁ፣ የ1982ቱን ፊልም ለቅዳሜ አቆዩት። ቀጥሎ የ1996ቱ ፊልም ቢያምራችሁ፣ አስቀድማችሁ ቦርግ የተባሉት ጠላቶች የ«ኔክስት ጄኔሬሽን»ን ካፒቴን ፒካርድን ማርከው ከራሳቸው ጋር ያዋሐዱበትን ባለ ሁለት ክፍል የ1990 ታሪክ እዩ፤ ከዚያ የሚከተለውን፣ ፒካርድ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ ወንድሙ ፊት ጭቃ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስበትንም አትዝለሉ። በ1996ቱ ፊልም ያ እርጋታው የታወቀ ሰው በንዴት የመርከብ ሞዴሎቹን መስታወት ሲሰብር፣ ልጅዎ ቁጣው ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።