ውሃ የገባበትን አይፖድ ጤፍ ውስጥ አትቅበሩት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ባለፈው እሑድ ከፍቅር ሐይቅ ጀልባ ተሳፍረን ስንዝናና የሙዚቃ ማጫወቻዬ፣ አይፖዴ፣ ከኪሴ ሾልኮ ጀልባው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ወደቀ። ነጩ፣ ባለ 30 ጊጋው፣ ጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራው ነው። አባቴ ከካሴት ያስገለበጣቸው የድሮ ዘፈኖች ያሉት እሱ ላይ ብቻ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ጤፍ ውስጥ ቀበረችልኝ። በሦስተኛው ቀን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፣ የተገመጠችው አፕል ብልጭ አለች፣ ጀርባው ሞቅ አለ፣ ከዚያ ጭጭ። ሞቷል በቃ?
*የሐይቅ ዳሯ*

መልስ፦ እህቴ፣ ቻርጀሩ አሁንም ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ንቀይው። ሞቷል ብዬ ገና አልፈርድም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሃ ብቻውን ቦርዱን (ውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እምብዛም አይጎዳውም። የሚጎዳው ውሃው ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። የሐይቅ ውሃ ማዕድን አለበት፣ ውሃው ቢተንም ማዕድኑ ቦርዱ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ትንሽ እርጥበትና የባትሪው ኃይል ሲጨመርበት መዳቡን ይበላና አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። አይፖድ ደግሞ አጠፋሁት ብትዪም ይተኛል እንጂ አይጠፋም፣ ባትሪው ሁሌም እንደተገናኘ ነው። ስለዚህ ያ ሦስት ቀን ለዝገቱ የሥራ ቀን ነበር።

እናትሽን እንዳትቆጪያት፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ሩዝም ያው ነው፤ አፕል ራሱ በ2024 (በፈረንጆቹ) እርጥብ አይፎን ሩዝ ውስጥ አታስገቡ፣ ብናኙ ይጎዳዋል ብሏል። ጤፍማ ይብሳል። ፍሬዋ የማትገባበት ቀዳዳ የለም። የማዳመጫሽን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዪው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ካላገኘሽ ይገርመኛል።

አሁን መክፈት ነው። ከላይ ያለችውን የሆልድ ማብሪያ ወደ ብርቱካናማው ግፊያት፣ ድንገት ተነክቶ እንዳይነቃ። ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ በነጩ ፊትና በብረቱ ጀርባ መሃል እየገባሽ ዙሪያውን ቀስ እያልሽ አላቅቂው። ቢላዋ አትጠቀሚ። ሲላቀቅ ጀርባውን ጎትተሽ እንዳትገነጥይው! ጀርባው ከቦርዱ ጋር በሁለት ስስ ሪባን (ጠፍጣፋ ገመድ) ተያይዟል፣ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የማዳመጫው ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስከፍት ቸኩዬ የባትሪውን ሪባን በጠስኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው፣ እሱም ከለቀመ ነው፤ ሪባን አይለቀምም። እንደ መጽሐፍ ገልጠሽ፣ የባትሪውን ሪባን የያዘችውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍርሽ አንስተሽ፣ ባትሪውን አላቅቂ። ከዚህ በኋላ ብትተኚም ችግር የለም፣ ዋናው ጠላት ወጥቷል።

ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ። እሱ በፍጹም አይታጠብም። መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፣ አልኮል ይገባበታል። ቦርዱን ግን በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሽተሽ አጽጂ፣ በተለይ ቻርጅ የሚሰካበትንና ሪባኖቹ የሚገቡበትን። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ካገኘሽ ጥሩ። ፋርማሲ ያለው 70ው ከሆነ የቀረው ውሃ ነው፣ ይሠራል ግን ረጅም ጊዜ አድርቂው። ቬንቲሌተር ፊት ሁለት ቀን። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ በርበሬ አይደለም።

ከዚያ ገጥመሽ ሞክሪ። የሞቀ ባትሪ ስለሆነ በእኔ ምክር አሮጌውን መልሰሽ አትግጠሚ፣ አዲስ ግዢለት። ሲነሳ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ካለ ወዲያው አጥፊና አቁሚ፣ እያስጮኹ መሞከር ዘፈኖቹን መፋቅ ነው። ዲስኩ ደህና ሆኖ ቦርዱ ከሞተ ግን ደስ ይበልሽ፤ ዘፈን ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ፣ ስክሪኑ የተሰበረ አይፖድ በርካሽ ፈልገሽ ዲስክሽን እዚያ ላይ ግጠሚው። ኮምፒውተር ላይ ዲስክ ሆኖ ሲታይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ፣ አይፖድ ኮንትሮል የሚል ፎልደር ታገኛለሽ። ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ስማቸው ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ነው፣ አትደንግጪ። ሁሉንም ገልብጪ፣ የዘፋኙ ስም ፋይሉ ውስጥ ስለተጻፈ ማጫወቻ ላይ ይመጣል። ገልብጠሽ ሳትጨርሺ ደግሞ ጀልባ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ትንሿ ኤምፒስሪዬ ባትሪዋ አብጦ ስክሪኗን ገፍቶታል። ሰፈራችን ያለ ሠሪ «በመርፌ ወጋ አድርጌ አየሩን ላውጣው፣ ይተኛል» አለኝ። ላስደርገው?
*ከታቦር ግርጌ*

መልስ፦ ኧረ በፈጠረህ! ያ አየር ሳይሆን ባትሪው ሲበላሽ የሚፈጥረው ጋዝ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ውስጡ ሻርት ሊያደርግና እዚያው እጁ ላይ ሊነድ ይችላል። ቻርጅ ማድረግም አቁም። በካርድ ቀስ ብለህ ከሥር አንሳው፣ አትጠፈው፣ ከዚያ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ አድርገህ ከቤት ውጭ አስቀምጠው። ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጋር እንዳትጥለው።

አዲስ ለመግዛት የማጫወቻዋን ስም አትጥራ፣ ሻጩም አያውቃትም። ባትሪው ላይ ስድስት አሃዝ ተጽፏል። ለምሳሌ 402030 ካለ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 20፣ ርዝመቱ 30 ነው። 3.7 ቮልት የሚል፣ በልኩ ወይም ትንሽ ያነሰ ፈልግ። ጥብቅ ብሎ የሚገባ አትግዛ፣ ባትሪ እያደር ትንሽ ስለሚያብጥ ቦታ ይፈልጋል። ሽቦዎቹን ስትቆርጥ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በመቀስ እንዳትቆርጥ፣ መቀሱ ራሱ ያገናኛቸዋል። አንዱን ቁረጥ፣ በፕላስተር ሸፍን፣ ከዚያ ሌላውን። አዲሱን ከመበየድህ በፊት ቀዩ ሽቦ እውነት ፖዘቲቭ መሆኑን በመልቲሜትር እይ። ቀለም ይዋሻል።

ጥያቄ፦ አንድ ሱቅ «ያልተከፈተ ኦሪጅናል» የአይፖድ ክላሲክ ባትሪ አለ፣ ከቻይናው እጥፍ ነው ዋጋው። ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ክላሲክ ከገበያ የወጣው በ2014 (በፈረንጆቹ) ነው፣ የመጨረሻው አይፖድም በ2022። ባትሪ ሳይከፈትም ያረጃል፣ እውነት የዚያን ጊዜ ኦሪጅናል ከሆነ እንኳ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። በቅርብ የተመረተውን ቻይና ያዝ። የሚለካልህ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አስለካው፣ ከ3 ቮልት በታች ካሳየ መልሰህ ስጠው።