ቁጥር ያላቸው የዓሣ መጻሕፍትና የባሕር ዳር ክረምት፦ ጥያቄና መልስ

ፍላይ ፊሺንግ መንጠቆ ላይ ላባና ክር አስሮ ዝንብ አስመስሎ ዓሣ ማጥመድ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች በዚህ ጨዋታ ላይ የጻፉት መጽሐፍ ልክ የለውም። እኔ የምሰበስበው በጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በቆዳ የተጠረዘውን ነው። አዎ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ። ብዙ ስለጠየቃችሁኝ ልመልስ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ጣና ላይ ዓሣ የሚያዘው በመረብ ነው። ይሄ ለኛ ምን ያደርጋል? (ከሽምብጥ)

ለሆድ ምንም አያደርግም። መጽሐፎቹ በአብዛኛው ትራውት ስለሚባል ዓሣ ናቸው፣ ጣና ደግሞ ትራውት የለውም። አገራችን ውስጥ ያለው ባሌ ወንዞች ላይ ነው፣ እሱም ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ። ጣና ግን የራሱ ጉድ አለው፤ 15 ያህል ባርበስ የሚባል ዓሣ ዝርያዎች፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም የማይገኙ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ትንንሽ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ። እኔን የሳበኝ ግን ማጥመዱ አይደለም፣ የመጽሐፉ አሠራር ነው።

ጥ፦ መጽሐፌ "ከ500 ቅጂ 412ኛው" ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን ይሻል ነበር?

ብዙም ለውጥ የለው። 3ኛውም 412ኛውም ከአንድ ማተሚያ ነው የወጡት። ሰው የሚከፍለው ለሌላ ነገር ነው። ሳጥኑ አለ ወይ? ሥዕሎቹ ሳይጎድሉ አሉ ወይ? ጀርባውን ፀሐይ አልበላውም ወይ? ከሁሉም በላይ፣ የሚፈልገው ሰው አለ ወይ?

ደሪዴል ፕሬስ የሚባል አሳታሚ ነበር። ዩጂን ኮኔት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 ያቋቋመው፣ የአደንና የዓሣ መጻሕፍትን በጥሩ ወረቀት ጥቂት ጥቂት እያተመ የሚሸጥ። በ1935 ያወጣው የፕሬስተን ጄኒንግስ የትራውት ዝንቦች መጽሐፍ 850 ቅጂ ነበር። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል፣ ግን ዛሬም ፈላጊ አለው፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ወንዞችን ነፍሳት ከሚታሰረው ዝንብ ጋር በቁም ነገር ያዛመደ ሥራ ነው። አሁን አሁን ደግሞ "የተወሰነ እትም" እያሉ ብዙ ሺ ቅጂ ቆዳ በሚመስል ነገር ጠርዘው የሚቸበችቡ አሉ። ይሄ ለእኔ የተወሰነ ሳይሆን ያልተወሰነ እትም ነው።

ጥ፦ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማጠፊያው ላይ አተኩሪ እህቴ። ሽፋኑ ከጀርባው ጋር የሚገናኝበት መስመር ማለቴ ነው። አርቲፊሻል ከሆነ እዚያ ጋ እንደ ቀለም ይላጣል፣ ከሥሩ ጨርቅ ወይም ወረቀት ብቅ ይላል። የፍየል ቆዳ ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ እዚህ ጠበቅ እዚያ ሰፋ ይላሉ። በማሽን የተመታው ግን ያው ቅርጽ እየተመለሰ ይመጣል። ከዚያ መሐሉን ክፈቺና ክር ፈልጊ። ያልተሰፋ፣ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ቆዳው ምንም ቢያምር ሁለት ሦስቴ ሲከፈት ገጹ መራገፍ ይጀምራል።

ጥ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር መጽሐፌ ይሻግታል። ምን ይሻለኛል?

ዋናው ጣጣችን ይሄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት እርጥበቱ ሌላ ነው። መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ አርቀው፣ ከኋላው አየር ይለፍ። መጽሐፎቹን አታጨናንቃቸው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዛና 50 በመቶ አካባቢ ለማቆየት ሞክር። የሻገተውን ከሌሎቹ ለይ፣ ጥላ ውስጥ አየር ላይ አድርቀው፣ ከዚያ አፍንጫህን ሸፍነህ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው፣ በርበሬ አይደለም። ቅባት የሚቀቡም አሉ፤ አሮጌ ቆዳ ቀይ ዱቄት ማራገፍ ከጀመረ ቅባት ያጠቁረዋል እንጂ አያድነውም።

ከላባ የታሰረው ዝንብ ራሱ የተለጠፈባቸው መጻሕፍት ደግሞ የባሰ ጣጣ አላቸው። ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ባወጣው ልዩ እትም ውስጥ በእጅ የታሰሩ ዝንቦች አሉ፣ የታተመውም 100 ቅጂ ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ላይ ላባውን ብል ይበላዋል፣ መንጠቆው ይዝግና ገጹ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ብል ከጠረጠርክ በፕላስቲክ አሽገህ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየው። ስታወጣው ቶሎ አትክፈተው፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ እንደታሸገ ይቆይ፣ አለዚያ ውኃ ይቋጥራል። ናፍታሊን አልመክርም።

ጥ፦ የተቀደደ ሽፋን አለኝ። የብራና ደጓሽ ጋ ወስጄ ባስጠርዘውስ?

ለማንበቢያ የያዝከው ተራ ቅጂ ከሆነ ደስ ይላል፣ አድርገው። የእኛ ደጓሾች የዋንዛ ገበታ ላይ የሚለብጡት ድጉስ ቆዳ ከማንም አያንስም፤ ማኅደር ካሰፋህለት ደግሞ ከፈረንጅ ሳጥን ይሻላል። ቁጥር ያለውን እትም ግን አትንካ። ዋናው ሽፋን አንዴ ከወጣ ዋጋው አብሮ ይወጣል። ፍርስራሹንም ቢሆን በሳጥን አስቀምጠው።

ጥ፦ ልጄ፣ የጥንት ብራና የሚሸጥ ሰው መጣብኝ። ከገዳም ነው ይላል። ልግዛ?

እትዬ፣ በፍጹም እንዳይገዙ! የዑራ፣ የክብራን፣ የዳጋ መጻሕፍት የገዳማቱ ናቸው፣ የማንም መደርደሪያ ማድመቂያ አይደሉም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው። ሰውዬው "አሮጌ ነው፣ ማንም አይፈልገውም" ካለዎት ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ። ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይደውሉ።

ጥ፦ ዋጋውስ?

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ፣ በዶላር ሲያዩት ርካሽ የነበረው በብር ያስደነግጣል። ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣው እንዲይዝ ለምኑት። ከመክፈላችሁ በፊት የቁጥሩን ገጽ፣ የጀርባውንና የማጠፊያውን ፎቶ ጠይቁ። "ጥሩ ይዞታ" የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም።

ጥ፦ ለጀማሪ በምን ልጀምር?

በአይዛክ ዋልተን የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. በ1653 ለንደን የታተመ መጽሐፍ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደታተመ ቁጥር የለውም። ስለዚህ በቆዳ የተጠረዘ፣ ሥዕል ያለው፣ ኪስ የማይጎዳ ቅጂ ማግኘት ይቻላል። የ1653ቱን ግን ለትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ተውላቸው።